ለስላሳውን ጎማ ግጠሙ

ሰመራ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል

እንደ ወለደችኝ ለምቆጥርዎት እናቴ፣

ሰላምታዬ እኔን ቀድሞ ደጅዎ ይድረስ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ያለው ጊዜ ከለቅሶው እንደሚብስ አባቴ የሞተ ጊዜ አይቼዋለሁና ሰሞኑን እርስዎን ሳስብ ነው የከረምኩት። የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሰፈር ሰው ብቻዎን እንደማይተውዎት አውቃለሁ። ያም ሆኖ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ የሚገባበት ሰዓት አለ። እኔ አካሌ ደህና ነው። ቢሮ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ሰመራ እሳት ሆናለች፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውም ነፋስ እንዳለ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት አስናቀ ይባላል፤ ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ አዋሽ የሚያድር ሹፌር ነው። ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ደጋግሜ ደውዬ ድምፅዎን ስሰማ ስለ ጉልበትዎ ብቻ ጠይቄ ዘግቻለሁ። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ለቅሶው ላይ እርስዎ እጄን ይዘው፣ "አንተ አጠገቡ ነበርክ፤ ልጄ እንዴት እንደሞተ ሳትደብቅ ንገረኝ" አሉኝ። ሰው ከቦን ነበርና "ድንጋይ ተጭኖት ነው" ብዬ አለፍኩት። ወዲያው ከኋላችን አንድ ሰው፣ ይህን የሚያህል ጎልማሳ ለልጅ መጫወቻ ብሎ ሞተ፣ ሲል ሁለታችንም ሰማን። እርስዎ ሻርፕዎን ወደ ፊትዎ ሳቡት። አሁን ሁሉንም እንደነበረ ልንገርዎት።

ሰውየው ያላት መጫወቻ የሪሞት መኪና ናት። ልጅዎ ኢስማኢል ጎሚስታ ቤቱን እዚህ በከፈተ በዓመቱ አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ያመጣለት ናት። ልጆች አስፋልት ላይ እንደሚያስሮጧት ዓይነት አይደለችም። ቁመቷ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ቢሆን ነው፤ ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ድንጋይ ትወጣለች፣ ቁልቁለት ላይ ትንፋሿን ይዛ ትወርዳለች። ብዙ ሳይቆይ ለእኔም አስመጣልኝ። "ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ ተደፍተህ ትውላለህ፤ እሁድ እንኳ ዓይንህ ሩቅ ይይ" አለኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ለመንገድ ሥራ ገረጋንቲ ሲወጣበት ቆይቶ የተተወ ትልቅ ጉድጓድ አለ። እሁድ እሁድ እዚያ ነበር የምንሄደው፤ እኔ፣ እሱና በያጁ ከድሩ።

ከመኪናዎቹ ይልቅ ያጨቃጭቀን የነበረው ጎማቸው ነው። ልጅዎን ያውቁታል፤ ቀን የከባድ መኪና ጎማ ሲፈታ ውሎ፣ ሲመሽ ደግሞ መዳፍ የማታክል ጎማ ይዞ ይቀመጣል። እያገላበጠ ይጫናታል፣ በጥፍሩ ይቧጥጣታል፣ ውስጧ ያለውን ስፖንጅ አውጥቶ ይመልሳል። ሦስት ዓይነት ነበረው። አንዱ ትልልቅ ጥርስ ያለው ደረቅ ጎማ ነው። አንዱ ጠባብ ነው። ሦስተኛው ሰፊና ለስላሳ ሆኖ፣ ጥርሱ እምብዛም የማይታይ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ የሚገባ ነው። እኔ ጥርሳሙን እወድ ነበር። መሬቱን ነክሶ የሚወጣ ይመስለኛል። እሱ ግን ስሜን ጠርቶ፣ "ፍቅሬ፣ ልል አፈር አይነከስም፤ ይታቀፋል" ይለኝ ነበር። ስትነክሰው ይሸሽሃል፣ ስትቆፍረው ይውጥሃል፣ ላዩ ላይ ተኝተህ ስትሄድ ግን ይሸከምሃል ይላል። ደግሞ ሁልጊዜ እሱ አልነበረም የሚረታው። ከሥሩ ጠንካራ ሆኖ ላዩን አቧራ ብቻ የለበሰ ቦታ ስናገኝ የኔ ጥርሳም አቧራውን ጠርጎ ይወጣል፣ የሱ ለስላሳ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ይንሸራተታል። ያን ቀን እስክንለያይ ድረስ አሾፍበታለሁ፣ እሱም በሚቀጥለው እሁድ ሌላ ነገር ሞክሮ ይመጣል።

በዚያ እሁድ መኪናው ላይ ጠባቡን ጎማ ገጥሞ ነበር የመጣው። ጉድጓዱ በአንድ ወገን ከፍ ያለ ገደል አለው፤ ከገደሉ ሥር ባለፉት ዓመታት የተናደው አፈርና ድንጋይ እንደ ክምር ተዳፍቶ ወርዷል። ኢስማኢል መኪናዋን በዚያ ተዳፋት ላይ በጎን ሊያሻግራት ፈለገ። መሐል ላይ ጎማዋ አፈሩን ቆፍሮ ቆመች። ስንት ጊዜ እንዳደረግነው፣ በጎን ከቆምንበት ጠርዝ ሊያነሳት ወረደ። አንዳችንም ተው አላልነውም፤ የወደቀ ቆብ እንደማንሳት ያለ ነገር ነበር።

ሲናድ ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ከጆንያ እህል ሲዘረገፍ የሚሰማው ዓይነት ነው። አቧራው ሲገፈፍ እስከ ወገቡ ተቀብሮ አየነው፤ ጭኑ ላይ ሦስት ሰው የማያነሳው ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። "ደህና ነኝ" አለን። "እግሬ ብቻ ነው። አትደንግጡ።"

ከድሩ ሮጦ ሊወርድ ሲል ከእግሩ ሥር ያለው አፈር ሁሉ ተንቀሳቀሰ፣ ጠጠሩም ኢስማኢል ደረት ላይ ደረሰ። ኢስማኢል "ተመለስ" ብሎ ጮኸ። ከታች በኩል ለመውጣት ሞከርን፤ እኛ በረገጥን ቁጥር እሱን ደግፎ የያዘው አፈር ወደ እኛ ይሸሻል፣ ድንጋዩም ይበልጥ ይጫነዋል። ከራሱ በላይ ያለው የገደሉ አፍ ተሰንጥቋል፣ እዚያ ላይ ማንም መቆም አይችልም። ፖሊሶች መጡ፣ ሰው ተሰበሰበ። አንድ ወጣት ፖሊስ ወገቡን በገመድ ታስሮ ወረደና አፈሩ ዳግም ሲናድ ጎትተን አወጣነው። ከዚያ በኋላ ኢስማኢል ራሱ ማንም እንዳይመጣ ለመነን። ከሚሌ ወዲያ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ተደወለ፤ መቆፈሪያ ማሽን ሎቤድ በሚሉት ዝቅ ያለ ተሳቢ ጭነው እንደሚልኩ ነገሩን። ስለዚህ መጠበቅ ነው። በዚያ ፀሐይ፣ እሱ እዚያ፣ እኛ እዚህ፣ ፊቱን እያየነው፣ ስሙን ስንጠራው እየመለሰልን፣ ቆመን መጠበቅ። እናቴ፣ ሰው ሩቅ አገር ሆኖ መርዶ ቢሰማ ይሻላል ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ውሃ ጠማው። ሃይላንድ ሞልተን ብንወረውርለት አልፎት ሄዶ ከሥር ፈነዳ። በገመድ ብናወርድም እሱ ያለው ቀጥታ ከሥራችን አይደለም፣ በጎን ነው፤ ጠርሙሱ እመሐል ቀረ፣ ስንጎትተውም ድንጋይ አስነሳ። ያኔ ኢስማኢል፣ "ፍቅሬ፣ መኪናህን ላካት" አለኝ። እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት። ቀጠለና "ቀላል ናት፣ አፈሩን አትረብሽም። ምን ጎማ ገጥመሃል?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ጥርሳሙን" አልኩት።

"አውልቀው። ጥርሳሙ ጠጠሩን ፊቴ ላይ ይረጨዋል። ከቦርሳዬ ለስላሳውን አውጥታችሁ ግጠሙ" አለ።

ቦርሳውን የከፈተችው መዲና ናት። መዲናን በስም ያውቋታል። ከጎሚስታ ቤቱ አጠገብ ካለው ማደያ የምትሠራዋ፣ አንድ ጊዜ አግብታ የተፈታችው፣ ባለፈው ዓመት ኢስማኢል ላግባት ብሎ ሲጠይቅዎት "ደጄን እንዳትረግጥ" ያሏት ሴት ናት። ወሬውን ሰምታ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሮጣ ነው የመጣችው። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ብሎኑ ሁለት ጊዜ ሲወድቅብኝ ቁልፉን ከእጄ ወስዳ አራቱንም ጎማ እሷ ፈታች። ኢስማኢል ከታች ሆኖ፣ ስፖንጁን ግማሽ አድርጋችሁ ቀንሱት፣ ጎማዋ ተኝታ ትሂድ፣ አለ። መዲና ጎማውን ከቸርኬው አላቃ ስፖንጁን በምላጭ ቀነሰችው። "ይኸ ይበቃል?" እያለች ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፣ እሱም "ትንሽ ጨምሪ፣ በቃ፣ እንደሱ" ይላታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱ ጎሚስታ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው የሚያወሩ ይመስል ነበር።

ትንሿን ጠርሙስ መኪናዋ ላይ አሰርን፣ ከኋላዋ ሲባጎ ቋጠርን፣ ሪሞቱን ያዝኩ። በጎን ተዳፋቱን ስትይዝ የታችኞቹ ጎማዎች ተጣጠፉ፣ የምትገለበጥ መሰለኝና ልመልሳት አልኩ። "አትመልሳት" አለኝ። "ነዳጅ አትስጣት። ዝም ብለህ ትንሽ ትንሽ ንካት። ትተኛ።" እንዳለኝ አደረግኩ። ጎማዋ በአፈሩ ላይ ጠፍጠፍ ብላ ተዘረጋች፣ እንደምንም ያዘች፣ አንድ ጠጠር እንኳ ሳታስነሳ ቀስ እያለች ሄደች። እጁ ዘንድ ስትደርስ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አለቀስኩ። ሰውን ያዳንን መስሎን ነበር፤ ያደረስነው ግን አንድ ጉንጭ ውሃ ነው።

ይህንን ለእርስዎ ብዬ እጽፋለሁ፤ ከውሃው ላይ ለውዱእ መታጠቢያ አላፈሰሰም። ጠጣና የቀረውን ደረቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አጠገቡ ያለውን አፈር በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ፊቱንና እጆቹን አበሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖም እዚያው እንደተቀበረ የቀትሩን የዙህር ሰላት ሰገደ። ከላይ የነበሩት ሙስሊሞች አብረውት ቆሙ። እኛም አንገታችንን ደፋን።

መኪናዋ ሁለተኛ ስትሄድ የወሰደችለት የኔን ስልክ ነው፤ የሱ ከድንጋዩ ሥር ቀርቷል። ከእኔ ቁጥር የደወለልዎት ያን ጊዜ ነው። ከመደወሉ በፊት ቀና ብሎ አየንና፣ "እማን ላናግራት ነው። እባካችሁ ድምፅ እንዳትሰማ" አለ። እናቴ፣ ያን ሁሉ ሰው ቢያዩት። ፖሊሶቹ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፣ መኪና ሞተሩን አጠፋ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ወደ ኋላ ራቀች። ከመቶ በላይ ሰው ትንፋሹን ዋጠ፤ እርስዎ አዋሽ ላይ ሆነው ምንም እንዳይሰሙ። እኛም ከተዳፋቱ ማዶ የሱን ድምፅ ብቻ ሰማን። ጉልበትዎን ጠየቀዎት። ጣሪያው ተጠገነ ወይ አለዎት። ድምፅህ ምነው ደከመ ብለውት መሰለኝ፣ "ጎማ ሳነሳ ውዬ ነው፣ እማ" አለ። ለዓረፋ እንደሚመጣም ነገረዎት። መጨረሻ ላይ፣ "አንድ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፤ ስመጣ እግርሽ ሥር ተቀምጬ እነግርሻለሁ" ብሎ ዱዓ አድርጊልኝ አለዎት። ከዘጋው በኋላ ስልኩን ደረቱ ላይ ከውሃው አጠገብ አስቀመጠው።

ቀጥሎ መዲናን በከድሩ ስልክ አነጋገራት። እሷ ከሰው ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። የተባባሉትን አላውቅም።

ማሽኑ ደረሰ። ኦፕሬተሩ ወርዶ ገደሉን ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። ሞተሩን ወደዚህ ካስጠጋሁት መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ የላዩ ይወርድበታል አለ። ሰውየው ትክክል ነበር፤ ማንም አልተቆጣውም። በሌላ ወገን በእጅ እየቆፈርን በጎን እንድረስለት ተባለ፤ አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ መቆፈር ጀመርን። አንድ የአፋር ሽማግሌ ፀሐይዋን አየት አድርገው፣ ነፋሱ ሳይነሳ ብትደርሱ ነው፣ አሉን። ሁላችንም ነፋሱ መቼ እንደሚነሳ እናውቃለን፤ በየቀኑ ይነሳል። ቆፈርን። ኢስማኢል ስሜን ጠራና፣ "አይተሃታል አይደል? አቀፈችው እኮ" አለኝ። መኪናዋን ማለቱ ነው። "አይቻለሁ፣ ረትተኸኛል" አልኩት። ሳቀ።

ነፋሱ ተነሳ። አቧራው ዓይናችንን ሞላው። ያ የጆንያ እህል ድምፅ እንደገና ተሰማ፤ ያሁኑ ግን ቶሎ አላቆመም።

ስንደርስበት ፀሐይ ልትገባ ነበር። ፊቱ አልተጎዳም። ከዚያ በኋላ ያለውን ያውቁታል፤ አዋሽ ድረስ አብሬው መጥቻለሁ።

ለመጫወቻ ብሎ ሞተ ያለው ሰው አልዋሸም። እውነት ነው፣ ሊያነሳ የወረደው መጫወቻ ነው። እርስዎን ያነጋገረዎትም በዚያችው መጫወቻ ነው።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር ልምጣ። ለቅሶው ላይ እንደገና ጎተት አድርገውኝ፣ "ሊነግረኝ የነበረው ምን ነበር?" ብለውኝ ነበር። አላውቅም አልኩ። ግማሹን አውቅ ነበር። ያ ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛውን እኔ ልነግርዎት እችላለሁ፣ ሁለተኛውን ግን መዲና ራሷ ብትነግርዎት ይሻላል። ኢስማኢልና መዲና ከረመዳን በፊት ኒካሕ አስረዋል። ያሰሩላቸው ሼክ እዚሁ አሉ፣ ከድሩ ምስክር ነው፣ አባቷም ነበሩ። የደበቀዎት ንቆዎት አይደለም። ስንት ጊዜ አዋሽ ለመምጣት ተነስቶ መናኸሪያ ደርሶ ተመልሷል፤ ፊትዎ ሲከፋ ማየት አይችልም ነበር። ለዓረፋ ግን ወስኖ ነበር።

መዲና ለቅሶው ላይ ያልመጣችው ሳትፈልግ ቀርታ አይደለም፤ ዒዳ ላይ ናት፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትጠብቀው ጊዜ ነውና ከቤቷ አትወጣም። የምታድረው እሱ በተከራየው ቤት ነው። ማደያው ሥራዋን ልጠብቅልሽ ብሏት ነበር፣ እሷ ግን የናፍጣ ሽታ አላስጠጋት ስላለ እንደማትመለስ ነገረችኝ። የከድሩ ሚስት ጠዋት ጠዋት ሎሚ ይዛላት ትሄዳለች፤ እስከ ረፋድ ድረስ እህል በአፏ አይገባም። እኔ ሐዘን ነው ብዬ ነበር። ዒዳዋ መቼ እንደሚያበቃ አውቄ ልረዳት ብዬ ሼኩን ጠየቅኳቸው። የሰማሁት አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፣ አልኳቸው። ሼኩ ቀና ብለው አዩኝና፣ "የመዲና በቀን አይቆጠርም" አሉኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ሕጋችሁን ጠልቄ አላውቀውም፣ ከዚህ በላይም አልጠየቅኳቸውም። እርስዎ ያውቁታል።

እሷ ወደ እርስዎ መምጣት አትችልም። ሰመራ የሚመጣው አውቶቡስ ማለዳ አዋሽን ያልፋል፣ ገዋኔ ላይ ለምሳ ያርፋል፣ ቢደክምዎትም እዚያ ጥላ አለ። ቀኑን ብቻ ለአስናቀ ይንገሩት፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ፣ ቤቷ ድረስም እጅዎን ይዤ እወስድዎታለሁ። አልመጣም ካሉም አልቀየምም። ለእሷ ይህን መጻፌን አልነገርኳትም።

ለኢስማኢል ጀነትን፣ ለእርስዎ ሶብርን ይስጥልን። እኔም በሃይማኖቴ ሁለታችሁን ሳላነሳ አልተኛም። ጉልበትዎን ይማርልዎት፣ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ታቅፈው የሚስሙት አያሳጣዎት።

ልጅዎ